የእማማ ድንቅነሽ ሎሚ

ቅጠል ገልብጦ ማየት በሽታ ነው። እኔን የያዘኝ ገና በወጣትነቴ ነው፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። ባለፈው ሰሞን ለዓይኔ ቤቴል ወዳለው ክሊኒክ ለመሄድ አየር ጤና ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ሴት ዘንቢሏን ታቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዘንቢሉ አፍ አንድ የሎሚ ቅርንጫፍ ከነፍሬው ብቅ ብሏል። እጄ እኔን ሳያስፈቅድ ሄዶ ቅጠሉን ገለበጠው። "እማማ፣ ሎሚ አማርዎት እንዴ? ልስጥዎት?" አለችኝ። "የለም ልጄ፣ ቅማል እንዳለበት ልይ ብዬ ነው" ስላት ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ረዳቱማ "እማማ፣ የሎሚ ፀጉር ቤት ከፈቱ እንዴ?" ብሎ ጨመረበት። እኔም ሳቅሁ። ቅማሉ ግን ነበረ፤ በቅጠሉ ጅማት ግራና ቀኝ እንደ ደረቀ ቁስል ቅርፊት ተለጥፏል። ጣቴ ላይ የቀረውን የቅጠሉን ሽታ ሳሸተው ሳቄ ከየት መጥቶ ወዴት እንደ ሄደ እንጃ፤ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል የትኛው ፌርማታ እንዳለፈ አላውቅም። "ወራጅ አለ" ያለችልኝ እንኳ ባለ ዘንቢሏ ናት።

ዛሬ ኮልፌ ሲባል ጭንቅንቅ ያለ ገበያ፣ ብረት ብየዳና የታክሲ ጡሩምባ ነው የሚታያችሁ። በጣልያን ጊዜ ግን ኮልፌ የከተማ ዳር ነበረች፤ ባሕር ዛፍ፣ የገብስ ማሳ፣ በክረምት ጉልበት የሚውጥ ጭቃ። ከታች በኩል አዲሱ ገበያ ገና እየተቆረቆረ ስለነበር ከአራዳ የተነሣው ነጋዴ ዕቃውን በአህያ ጭኖ ሲወርድ ይውላል። ካምዮን ሲያልፍ አቧራው ቤት ድረስ ገብቶ ወጥ ላይ ያርፋል። ዳቦ ፉርኖ በጥቂት ሶልዲ ይገዛ ነበር፤ ትኩሱን በነጠላ ጠቅልሎ ደረት ላይ አድርጎ ወደ ቤት መሮጥ የዚያን ዘመን ትልቁ ድሎት ነው። የወረቀቱን ሊሬ ማንም አላመነውም። ጠገራ ብር ያለው ሰው መሬት ቆፍሮ ይቀብረዋል፤ የሌለው እንዳለው ለማስመሰል ጓሮውን ይቆፍራል። ሴቱ አቡጀዲ ቀሚስ፣ ወንዱ ከጣልያን ካፖርት ተቆርጦ የተሰፋ ኮት ነበር የሚለብሰው። ካምዮኖቹ የሚቆሙበት ማዕዘን ላይ ካለው መጠጥ ቤት ቀኑን ሙሉ የሸክላ ዘፈን ይሰማል። ወንዝ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ዜማውን ይዘው የራሳቸውን ግጥም ይገጥሙበት ነበር፤ ግጥሙ ባለ ሸክላውን መሳደቢያ ነው። ባለ ሸክላውም ዜማውን ሲሰማ ደስ ብሎት ከወዲያ ማዶ እጁን ያውለበልብላቸዋል።

ከወንዙ በላይ፣ ዛሬ የሶፋ መሸጫ ፎቅ ከቆመበት አካባቢ፣ የጣልያን የአትክልት ቦታ ነበረ። ላቦራቶሪ የሚባል ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ቤትና ጣራው መስታወት የሆነ ሌላ ቤት። በመስታወቱ ቤት ውስጥ በመርከብ የመጡ የብርቱካንና የመንደሪን ችግኞች ይሞቃሉ። የኮልፌ ብርድ ለብርቱካን እንደማይሆን ሥራውን የሚመራው ጣልያን ራሱ ይናገር ነበር፤ ሐሳባቸው እዚህ አሳድገው ወደ ቆላ ለማውረድ ነው። ይህን ጣልያን ዶቶሬ ነበር የምንለው። ቀጭን፣ ሳል የማይለየው፣ ከሰው ይልቅ ለትል የሚራራ ሰው ነው። አባቴ የዚያ ቦታ አትክልተኛ ስለነበር እኔም ብልቃጥ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። ለጣልያን መሥራት አያሳፍርም ወይ ላላችሁኝ፣ ያሳፍራል። ረሀብም ያሳፍራል። አባቴ በሁለቱ ኀፍረቶች መካከል ሲመርጥ እኔ አላማከረኝም።

አንድ ቀን ዶቶሬው ማጉያ መነጽሩን ሰጠኝና የሎሚ ቅጠል ገልብጦ አሳየኝ። እኔ ቆሻሻ ነው ያልኩት ሁሉ ነፍስ ያለው ነገር ሆኖ ቁጭ አለ። ተባዩ የላቲን ስም ነበረው፤ አባቴና እኔ የሎሚ ቅማል አልነው። በጋሻው ሥር ተደብቆ፣ አፉን ቅጠሉ ውስጥ ተክሎ፣ ሳይንቀሳቀስ የዛፉን ጭማቂ እየመጠጠ የሚኖር ፍጡር ነው። ሥራዬ በመርፌ ጫፍ ጋሻውን ገልጦ መውጋት ሆነ። ቢጫ ውኃ ከወጣው ሕያው ነው፣ ደረቅ ከሆነ ሙት። "ሕያው፣ ሙት፣ ሙት፣ ሕያው" እያልኩ ስቆጥር እውላለሁ። ሰፈሩ "የቅማል ሐኪሟ መጣች" እያለ ይሳለቅብኝ ነበር። እኔ ግን ወደድኩት፤ በሙሉ ልቤ ነው የወደድኩት። ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በቆላ የብርቱካን እርሻዎች ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። አለቆች ተፈራረቁ፣ መንግሥታትም ተፈራረቁ፤ ቅማሉ ያው ነው።

ጎረቤታችን እማማ ድንቅነሽ ነበሩ። ባላቸው ቀድመው የሞቱባቸው፣ የጎጃም ሰው፣ ማኅበር የማያጎድሉ፣ ጾም የማይሽሩ። የነበራቸው ልጅ አንድ ነው፤ ታደለ። አራዳ አንድ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋ ነበር፤ ሲስቅ ድምፁ ከሰውነቱ በፊት ደጃችን ይደርሳል። ያ ስሙን መጥራት የማያስፈልገኝ የካቲት ሲመጣ፣ ቤት ሲቃጠል ሰውም እንደ ውሻ ሲገደል፣ ታደለን ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ እዚያው ደጃቸው ላይ ተኩሰው ጣሉት። ወደ ቤተ ክርስቲያን መውሰድ አይታሰብም፤ መንገዱ ላይ የተገኘ ሁሉ ይገደል ነበር። አባቴና የጫልቱ ባል ጓሮ ካለው ሎሚ ሥር ቆፈሩ፤ እናቲቱ ውኃ እያጠጡ ስላኖሩት አፈሩ የለሰለሰው እዚያ ብቻ ነው። ጫልቱ ከእኛ ቀጥላ የምትኖር፣ ከሆለታ በኩል የመጣች ቅቤ ነጋዴ ናት። ቄስ አልነበረም፣ ፍትሐት አልነበረም፣ ለቅሶም አልነበረም፤ ሬሳ ያለበት ቤት የሽፍታ ቤት ተብሎ ይቃጠላልና። እማማ ድንቅነሽ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ቆመው አዩ። ለጠየቃቸው ሰው ሁሉ "ጅማ ለሥራ ሄዷል" ይሉ ነበር። እውነቱን የምናውቀው የሦስት ቤት ሰዎች ብቻ ነበርን።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ከጊዜ በኋላ ትእዛዝ መጣ። የሎሚ ቅማሉ ከሰፈሩ ዛፎች እየተነሣ ወደ ችግኞቹ ስለሚገባ፣ በኮልፌ ጓሮዎች ያለው ሎሚና ትርንጎ ሁሉ ይመርመር፣ ቅማል የተገኘበት ከነሥሩ ተነቅሎ ይቃጠል ተባለ። ከነሥሩ የሚለውን ቃል ዶቶሬው ሲናገር ብልቃጡ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። የእማማን ሎሚ አውቀዋለሁ፤ ቅጠሉን ስንት ጊዜ ገልብጬዋለሁ፤ ቅማሉ ቦታ አልተረፈውም ነበር። ከተቆፈረ ታደለ ይወጣል። ከወጣም ወዴት እንደሚጣል ሁላችንም እናውቃለን፤ ያን ጊዜ ለሞተ አበሻ የነበረው ቦታ ኖራ የተነሰነሰበት ጉድጓድ ነው።

ስነግራቸው እማማ ድንቅነሽ አላለቀሱም። "በምን ይለቃል ይሄ ተባይ?" ብቻ አሉ። "ታጥቦ እንደሆነ እንጃ" አልኩ። በማግሥቱ እሳቸው፣ እናቴና ጫልቱ እንዶድ ወቅጠው፣ አረፋውን በገንዳ አድርገው፣ ሎሚውን ቅጠል በቅጠል ማጠብ ጀመሩ። እኔ ጀርባ ጀርባውን ብቻ ብዬ ነበር። ሴት ልብስ ይዛ ግማሹን አጥባ አታውቅምና ግንዱንም ፈተጉት። እሾኹ እጃቸውን እየወጋ አረፋው ሮዝ እስኪሆን አጠቡት። ሲጨርሱ በኮልፌ አቧራ መካከል ያ አንድ ዛፍ ለፋሲካ እንደ ለበሰ ልጅ ብቻውን አንጸባረቀ። ቅጠል ቆርጬ በመርፌ ወጋሁ፤ ቢጫ ውኃ ወጣ።

"ሕያው ነው" አልኩ። እናቴ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

ጫልቱ ወጥታ ሄደችና በቅል ቅቤ ይዛ ተመለሰች። "እኛ አገር የተቀባ ዛፍ ማንም አይነካም" አለች። "ጣልያኖቹም ያውቃሉ፤ መንገድ ሲሠሩ የአድባር ዋርካ ዞረው ሲያልፉ አይቻለሁ።"

"ሎሚ ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው አድባር የሆነው?" አለ አባቴ።

"ከዛሬ ወዲህ።"

እማማ ድንቅነሽ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። "እኔ የማርያም ባሪያ ለዛፍ ቅቤ ልቀባ?"

"እኔ እቀባዋለሁ፤ እርስዎ ዞር ይበሉ እማማ" አለች ጫልቱ። "ግን ሲመጡ የሚጠይቁት የቤቱን ባለቤት ነው። አፍ አውጥተው የሚሉት እርስዎ ነዎት።"

 እማማ ድንቅነሽ ቅሉን ከጫልቱ እጅ ተቀበሉና ከግንዱ ጀምረው ወደ ላይ፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ፣ በገዛ እጃቸው ቀቡት። መሐል ላይ ሲደርሱ "ፀጉሩን ስቀባው ይሸሸኝ ነበር" አሉ። ማንኛችንም ያልሰማን መሰልን።

ዶቶሬው ካቦውንና ዶማ የያዙ ሠራተኞቹን አስከትሎ ሲመጣ ሰፈሩ አጥሩ ላይ ተደርድሮ ያይ ነበር። አስተርጓሚዋ ከዶቶሬው ጋር ስሠራ ጣልያንኛ የለመድኩት እኔ ነኝ። ዶቶሬው ዛፉን ዞረ፣ ግንዱን በጣቱ ነካው፣ ጣቱን አሸተተው። "ቅቤ?" አለ በአማርኛ። ከዚያ በራሱ ቋንቋ፣ ዋርካና ሾላ ሲቀባ እንዳየ፣ ሎሚ ግን አይቶም ሰምቶም እንደማያውቅ ነገረኝና "ጠይቂያት" አለኝ።

ወደ እማማ ድንቅነሽ ዞርኩ። ማተባቸውን ወደ ቀሚሳቸው ውስጥ ሲከቱ አየሁ። አጥሩ ላይ የማኅበር እኅቶቻቸው ቆመዋል፤ የንስሐ አባታቸውም ጥላቸውን ዘርግተው ከኋላ ነበሩ። "አድባሬ ነው" አሉ ጮክ ብለው። "የማመልከው እሱን ነው። ቤቴን የሚጠብቅልኝ እሱ ነው። እሱን ከምትነቅሉ እኔን ንቀሉኝ።" ካጥሩ ማዶ አንዲት ሴት "በስመ አብ!" ስትል ሰማሁ። ቃል በቃል ተረጎምኩ።

ዶቶሬው ካሜራውን አወጣ። እማማን ግንዱን አስይዞ ፎቶ አነሣቸው። እሳቸው ያንን ዛፍ እንዴት እንደ ያዙት ያየ ሕፃን እንኳ አድባር አለመሆኑን ያውቅ ነበር፤ እሱ ግን ያየው ማየት የፈለገውን ነው፤ ወይም እንዲያ መስሎኛል፤ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ሠራተኞቹን አሰናበተና እኔን በየሳምንቱ ቅጠል እየቆረጥሽ ቁጠሪ አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ቆጠርኩ፤ በቅቤው የታፈነው ቅማል ተራ በተራ ደርቋል። ቅባት እንደሚያፍነው ላቦራቶሪው ድሮም ያውቅ ነበር፤ በቅቤ ለመሞከር ግን ማን ደፍሮ ያባክናል?

ዛፉ ዳነ፤ እማማ ድንቅነሽ ታመሙ ብል ይሻላል። ማኅበሩ ተራቸውን ዘለለው፤ ከመሶባቸው የሚቆርስ ጠፋ። የንስሐ አባታቸው ከባድ ንስሐ ሰጧቸው፤ እሱን ፈጽመውም ዛፉን ቆርጠው እስኪጥሉ ድረስ ከደጀ ሰላሙ እንዳይገቡ ከለከሏቸው። እሑድ እሑድ ከቅጥር ውጭ፣ ለምጻሞቹ ከሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ ሆነው ነበር ቅዳሴ የሚሰሙት። "ለአባ እንኳ ቢነግሯቸው ምን አለበት? ንስሐ እኮ ምስጢር ነው" አልኳቸው አንድ ቀን ቅጠል ልቆርጥ ስመጣ። "አባ ደግ ናቸው፣ ጠጅ ሲቀምሱ ግን ምላሳቸው ይፈታል" አሉኝ። "እኔ ውጭ ብቀመጥ ምን እሆናለሁ? ልጄ ውስጥ ነው።" ወዲያው ወደ ዛፉ ሥር አየት አደረጉ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ሰው ለሃይማኖቱ ሲሞት ብዙ ሰምቻለሁ፤ ሃይማኖቱን ለሚወደው ሰው ሲሰጥ ያየሁት ግን እሳቸውን ብቻ ነው። ትክክል ይሁን አይሁን የምፈርድ እኔ አይደለሁም። 

የሚያስቀው ነገር፣ ዛፉ እውነትም አድባር ሆኖ አረፈው። ጣልያን እንኳ ያልደፈረው ዛፍ ተብሎ ወሬው አዲሱ ገበያ ድረስ ወረደ። ከታች ሴቶች ቅቤና ንፍሮ ይዘው እየመጡ ባል ይመለስልን፣ ከብት ይዳንልን ማለት ጀመሩ። እማማ መጀመሪያ በዱላ ያባርሯቸው ነበር፤ ባለ አድባር ነኝ ያለች ሴት ተሳላሚ ስታባርር ጥርጣሬ እንደሚያመጣ አባቴ ሲነግራቸው ተዉት። ደጅ ተቀምጠው ጥጥ እየፈተሉ፣ ሰው በልጃቸው መቃብር ላይ ሲሳል ይሰማሉ። ከሁሉም ይበልጥ የምትመላለሰው ሙሉ የምትባል የአንድ አናጢ ሚስት ነበረች፤ መካን እያሉ ያስለቅሷታል። እያንዳንዱን ቅርንጫፍ በስስት ነበር የምትቀባው። ለእኔ ሥራ ግን የሷን ያህል የረዳ የለም። የእማማ ሎሚ በሰፈሩ የቀረ ብቸኛ ሎሚ ሆነ፤ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ፍሬው እስኪያጎብጠው። ሥሩ ቁጭ ብዬ ማጉያውን ዓይኔ ላይ አድርጌ "ሙት፣ ሙት፣ ሙት" እያልኩ ስቆጥር እማማ ከደጃቸው "ቀስ ብለሽ ቁጠሪ" ይሉኝ ነበር።

በመጨረሻ ጣልያን ሄደ። ዶቶሬው ከሌሎቹ ጋር ካምዮን ላይ ተጭኖ ሲሄድ ማጉያ መነጽሩን በአባቴ እጅ ላከልኝ። የመስታወቱ ቤት በአንድ ቀን ተዘርፎ መስታወቱ ለኮልፌ መስኮቶች ሆነ። ሰዉ በየጎዳናው ሲጨፍር እማማ ድንቅነሽ አልወጡም። ክረምቱ እስኪያልፍ ጠብቀው፣ አፈሩ ሲጠነክር ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደው ሁሉንም ነገሯቸው። አባ እያለቀሱ "ምነው ልጄ፣ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?" ቢሏቸው፣ "አባቴ፣ ጠጅ ይወዳሉ" ብለዋቸው ተመለሱ።

አፅሙ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚፈልስበት ቀን አባ ካህናቱን ይዘው መጡ። አባቴ ዙሪያውን በዶማ ሞከረና ራሱን ነቀነቀ፤ ሥሩ አፅሙን አቅፎ ስላደገ ዛፉ ሳይቆረጥ አይወጣም። እኔ ለመንኳቸው። "እማማ፣ በጎን በኩል ብንሞክርስ? እንደሱ ያለ ዛፍ ኮልፌ ውስጥ የለም" አልኩ። ያንን ዛፍ ከአባቴ ቤት በላይ አውቀው ነበር፤ ሲቆረጥ ማየት አልፈለግሁም።

"ልጄ፣ እኔ ሎሚ ጠብቄ አላውቅም" አሉኝና መጥረቢያውን ለአባቴ አቀበሉት።

የመጀመሪያው ምት ሲሰማ ከታች የመጡት ተሳላሚዎች ቅጥሩን ገፍተው ገቡ። አድባር ሲቆረጥ አገር ይጠፋል ይላሉ፣ ይጮኻሉ፣ የአባቴን ክንድ ይይዛሉ። ሙሉ ከሁሉ ቀድማ መጥታ ግንዱን አቀፈችው፤ ጀርባዋ ላይ ገና ጥርስ ያላወጣ ልጅ አዝላለች። "አይቁረጡት እማማ! ይሄን ልጅ የሰጠኝ እሱ ነው!" እያለች ታለቅሳለች።

እማማ ድንቅነሽ ቀረቧት። አልተቆጧትም። እጃቸውን የሕፃኑ ራስ ላይ አድርገው፣ "አንቺ ልጅሽን አዝለሻል" አሏት። "የኔም እዚህ ሥር ነው ያለው። ተይኝ ላውጣው።"

ጩኸቱ ቆመ። ሙሉ ግንዱን ለቀቀች። ወደ መሬቱ አየች፣ ወደ ካህናቱ አየች፣ ከዚያ ወደ እማማ። ልጇን ከጀርባዋ ፈታ ለእኔ አሳቀፈችኝና፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ዛፉ ሥር ዘረጋችው፤ ታደለን ልትቀበል ተንበረከከች።